የባርናቢ ተክዌል ረጅም ቤት

በመንደራችን የጋሪ ሠሪውን የባርናቢ ተክዌልን ቤት የሚያህል ረጅም ቤት አልነበረም። ልጅ የላቸው፣ ከብት የላቸው፣ ባልና ሚስት ብቻ፤ ቤቱ ግን ሃያ አራት ክንድ! ራሴ በገመድ ለክቼዋለሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም እንግዳ ደጁን ስላላለፈ፣ ሰውየው ቋጣሪ ነው ብለን ደምድመን ነበር።

ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ከሥሩ ልጀምረው። ፓርላማው ከንጉሡ ጋር በተዋጋበት በዚያ ጦርነት ጊዜ፣ ጭፈራን ኃጢአት ብሎ የግንቦት ምሰሶዎች ሁሉ እንዲቆረጡ አዘዘ። እኛም በየግንቦቱ አበባ አልብሰን እየጨፈርን የምንዞረው ምሰሶ ነበረን። የደብሩ ሹም ጊልበርት ስፓሮ ባርናቢን «ቆርጠህ አቃጥል» አለው። ባርናቢ ቆረጠ፤ አቃጥያለሁ ብሎም በቤተ ክርስቲያን ማለ። ግን የእንጨት ሰው አንጀት እንዲያ ቀጥ ያለ ጥድ እሳት ውስጥ ለመጨመር እንዴት ይችላል? አጋድሞ የጣሪያ ተሸካሚ አደረገው። ሌላው ሰው ለቤቱ እንጨት ይፈልጋል፤ እሱ ለእንጨቱ ቤት ሠራለት! ቀይና ነጭ ቀለሙን እንኳ አልፋቀውም።

ከዚያ 1660 መጣ። ምን ያለ ዓመት ነበር! በየካቲት የለንደን ሰው «ታፋ» ብሎ በሰየመው ፓርላማ እያላገጠ በየጎዳናው የበሬ ታፋ ጠበሰ፤ በግንቦት መጨረሻ የሟቹ ንጉሥ ልጅ ከስደት ተመልሰው ነገሡ፤ ጭፈራም ተፈቀደ። በዚያው ሳምንት ጊልበርት መንደሩን አስከትሎ ባርናቢ ደጅ ቆመ።

«ባርናቢ፣ ምሰሶ አምጣ!»

«አቃጥል ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ያኔ ሌላ ጊዜ ነበር። አሁን ምሰሶ የሌለው መንደር የንጉሥ ጠላት ይባላል። ያጠፋኸውን አንተ ትተካለህ፤ አለዚያ ስምህን ለዳኛው እሰጣለሁ።»

ባርናቢ ወደ ጣሪያው ሰረቅ አድርጎ አየ። ቢናገር በሐሰት መማሉ ይታወቃል፣ ጣሪያውም ይወርዳል፤ ዝም ቢል፣ እንዲያ ያለ ሌላ ጥድ በአካባቢው የለምና፣ የንጉሥ ጠላት ነው።

ሚስቱ ቶማዚን ሊጥ በለበሰ እጇ በሩን በረገደችው። «ግቡ! እግራችሁን ጥረጉና ቀና በሉ።»

ገባን፤ ቀና አልን፤ ምሰሶአችን ከነቀለሙ ተጋድሟል። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጣሪያው ይፍረስ!» አለ ጊልበርት።

«ምን ሲደረግ! አያ ጊልበርት፣ ባሌ ባይዋሽ ዛሬ የምታገኘው አመድ ነበር።»

«ምሰሶ ይቆማል እንጂ አይጋደምም!»

«አንተስ ዐሥራ ስድስት ዓመት ተጋድመህ አልነበር? ዛሬ ገና ተነሣህ። እኔ ግን ከነጣሪያዬ ነው የምኖረው። መዞር ነው የፈለጋችሁት? ቤቱን ዙሩ!»

ሳቁ ገና ሳያልቅ አንዱ ከግድግዳው ውጭ በወጣውና የጣሪያው ሣር ሸፍኖት በኖረው የምሰሶው ጫፍ ላይ አበባ ሰቀለ። ቤቱን እየዞርን እስኪመሽ ጨፈርን። በጓሮ በኩል ያለው የቶማዚን ጎመን ጭቃ ሆነ።

በማግስቱ ቶማዚን ጊልበርት ቤት ሄዳ ዶማ አስጨበጠችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ያጠፋኸውን አንተ ትተካለህ» አለችው። «መቶ ሃያ እግር ጎመን ነበር።»