ድምፅ የሌለው ብስኩት

ባለፈው ጥቅምት ታላቅ እህቴ ዓይኗን ለመታየት ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር መጣችና እኔ ዘንድ ሦስት ቀን ሰነበተች። ይዛልኝ የመጣችው ዱባ ትልቅ ስለነበር ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቤት በባጃጅ፣ እኛ በሁለት ጎን፣ እሱ በመሃል ሆኖ ሄድን። ለወጥ እንደሆነ አስቀድማ ነገረችኝ።

እኔ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። በስልኬ ላይ አንዲት ሴትዮ ከዱባ ለስላሳ ብስኩት ስትጋግር አይቼ፣ ኦቨን ከገዛሁ ወዲህ ዳቦ ብቻ መጋገሬ ይቆጨኝ ጀምሮ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግማሹን ዱባ ቀቅዬ ስፈጭ እህቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ምነው፣ ጥርስ ያላወጣ ልጅ ሳትነግረኝ ወለድህ እንዴ?» አለች።

አርባ ዓመት አልፎኝ ሳላገባ መቅረቴን የምታነሣው ሁልጊዜ እንዲህ በጎን ነው። ዱባው ውኃ በዝቶበት ስለነበር ሊጡ እጄ ላይ ተጣበቀ፤ ዱቄት ጨመርኩ፣ ቀረፋ ነሰነስኩ፣ በማንኪያ እየቆነጠርኩ ደረደርኩና ከተትኩት። ሲወጣ አንዱን በጣቷ ጫን አደረገችውና አልበሰለም፣ መልሰው አለችኝ። ተፈጥሮው ለስላሳ እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። ሲነከስ ድምፅ የማያሰማ ብስኩት እሷ አገር እንደሌለ ነገረችኝ።

ስኳር ፈጭቼ በሎሚ በጠበጥኩና ከላይ አፈሰስኩበት። ነጭ ሆኖ ሲያብረቀርቅ እኔም ኮራሁ። በሳህን አድርጌ ሳቀርብላት ምን ምን እንደገባበት ጠየቀችኝ። ቅቤና እንቁላል ከማለቴ ክው አልኩ፤ እህቴ ጽጌን ትጾማለች። ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቀውን ነገር እንዴት እንደረሳሁት እስካሁን አልገባኝም።

እሷ ግን አልተቀየመችም። ሳህኑን ቀስ አድርጋ ወደ እኔ ገፋችና፣ «ብቻህን ልትበላው ከሆነ በግልጽ አትናገርም ነበር?» አለች።

ያን ቀን አሥራ አንዱንም ብስኩት እያየችኝ ብቻዬን በላሁ። ባልበላ ኖሮ ምን ትለኝ እንደነበር አውቃለሁ።

በማግስቱ በቀረው ዱባ በዘይት ሠራሁላት። በዚህኛው ጊዜ በሩ ላይ አልቆመችም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሊጡን ከእጄ ወሰደችው። እንደ እኔ አያያዝ እስከ ገና እንደማይደርስ ነገረችኝ። ሳታስፈቅደኝም ዝንጅብል ፈቅፍቃ ጨመረችበት። የስኳሩን ብጥብጥ ሳፈስ ከሳህኑ ጠርዝ በጣቷ ጠረግ አድርጋ ቀመሰች፤ ዘወር ስል ደገመች። ከሰዓት በኋላ፣ የጾሙ ሰዓት ሲያልፍ፣ ሦስት በላች። አራተኛውን ስታነሣ፣ «ሸጋ ነው» አለች። ቀጥላም ለወጥ ቢሆን ግን ይሻል ነበር አለች።

የተረፈውን በፌስታል ቋጥሬ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። ማታ ደህና መግባቷን ለመንገር ደወለች። ከተማዋ እስክትደርስ ብስኩቱ በሙቀት ተጣብቆ አንድ ሙልሙል ሆኖ ነበር። ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ ጎንደር ውስጥ የሚጋገር አዲስ ዳቦ ነው ብላ፣ በቢላ ቆርሳ አብልታቸዋለች። ማን እንደጋገረው ጠይቀዋት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እኔ ነኝ አልኳቸው» አለች።