መውጫዋ ያልተዘጋባት አክስቴ

«አዳዳ» እያልን የምንጠራት አክስቴ የትም ቤት ስትገባ ከበሩ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። «ወደ ውስጥ ግቢ እንጂ» ሲሏት፣ «እዚሁ ይሻለኛል» ትላለች።

ጎባ የነበረው የመጀመሪያ ባሏ በሩን ቆልፎ ነበር የሚደበድባት። አንድ ቀን ሳይቆልፈው ቢወጣ፣ በለበሰችው ልብስ ሚኒባስ ተሳፍራ ሮቤ እኛ ቤት መጣች። ሽማግሌዎች ተከትለዋት መጥተው «ትዳርሽ ነው፣ ቻዪ» አሏት።

«ችዬ ችዬ ነው የመጣሁት» ብላ መለሰቻቸው።

ወደ ሃምሳ ስትጠጋ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ መምህር ጎረቤታችን ሆኑ። ሊጠይቁን ሲመጡ ሁልጊዜ ከውስጠኛው ጥግ ይቀመጣሉ።

«ምነው እዚያ ጥግ ገቡ?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«መውጫዎን እንዳልዘጋብዎ ብዬ ነው።»

አክስቴ አለቀሰች። በዓመቱ ተጋቡ።

ዘንድሮ ክረምት ላይ ታማ አረፈች። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ባሏን ጋሼን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ራዲዮውን ከፍተው፣ ሳያዳምጡት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ራዲዮውን ዘጉና፣ «እኔ እኮ ገና አልጠገብኳትም» አሉኝ።

ምን ብዬ ላጽናናቸው? እኔም አልጠገብኳትም።