ኪም፣ ግን የየት ኪም?

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ጎህ ሲቀድ ከቻምበርስ ሮድ ተነሣሁ። ወደ ሰሜን እየነዳሁ ነው፤ በስተግራዬ የተራሮቹ በረዶ ቀልቷል። የሥራ ባልደረባዬ ሳሻ ዛሬ ፈረቃ አለበት። "እናቴን ወደ ኮሪያውያን ገበያ ውሰድልኝ" ብሎ አደራ ሰጥቶኛል።

1 ሰዓት አልፏል፣ ቶርንተን። የሳሻ እናት እማማ ቬራ ኪም በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ወላጆቻቸው የሶቪየት መንግሥት በባቡር ጭኖ ወደ መካከለኛው እስያ ካጋዛቸው ኮሪያውያን ናቸው፤ እሳቸው ተወልደው ያረጁት ታሽከንት ነው። እኔም በወጣትነቴ እዚያ ግብርና ስለተማርኩ በሩሲያኛ እንግባባለን።

ለቁርስ በቀጫጭኑ የተከተፈ ካሮት አቀረቡልኝ፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤና በበርበሬ የታሸ። ገና ስቀምሰው ታሽከንት ትዝ አለኝ። ከዶርማችን ማዶ ባለው ገበያ ሻሽ ያሰሩ ኮሪያውያን ሴቶች ይህንኑ ይሸጡልን ነበር። አምስት ሆነን፣ ብርዱ ላይ ቆመን፣ በጣታችን እንሻማበት ነበር። ከአምስታችን ሁለቱ ዛሬ የሉም።

"እዚህ ያሉት ኮሪያውያን ይህን ምግብ አያውቁትም አሉ" አሉኝ እማማ ቬራ። "እኔንስ ያውቁኝ ይሆን?"

4 ሰዓት፣ አውሮራ፣ ሀቫና ስትሪት። ፓርክ አደረግኩና ገበያው ውስጥ ገባን። የደረቀ ዓሣ፣ በማሰሮ የታሸገ ጎመን፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ፒር የሚባል ፍሬ። እማማ ቬራ ገንዘብ ተቀባይዋን በኮሪያኛ አናገሯት። ልጅቷ ግራ ገብቷት በእንግሊዝኛ "ቻይናዊት ነዎት?" አለቻቸው።

እማማ ቬራ ክንዴን ያዙ። "እንሂድ፣ ልጄ።"

ከኋላችን የተሰለፉ አንድ ሽማግሌ ግን በኮሪያኛ አንድ ነገር ጠየቋቸው። እማማ ቬራ መለሱ፤ ሽማግሌው እንደገና ጠየቁ።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

"ስሜን ጠየቁኝ። ኪም ብላቸው፣ 'ኪምማ ብዙ ነው፤ የየት ኪም?' አሉኝ።"

ለካ ኪም ከኪም የሚለየው የጥንት አባቶቹ በተነሡበት አገር ነው። እማማ ቬራ ክንዴን ለቀቁ። ከዚያ አባታቸው በልጅነታቸው ያስጠኗቸውን አንዲት ቃል አወጡ፦

"ኪምሄ።"

ሽማግሌው ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

"ኑና!" አሏቸው። ታላቅ እህቴ ማለት ነው። እሳቸውም የኪምሄ ኪም ናቸው። ሴት አያታቸው ከኮሪያ ሰሜን ስለነበሩ የእማማ ቬራን የቆየ አነጋገር ከልጅነታቸው ያውቁታል። ሁለቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ከቋንቋው አንድ ቃል ሳልሰማ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገባቸው ቆየሁ።

9 ሰዓት፣ ቶርንተን። ሳሻ ከሥራ ገብቶ በር ከፈተልን። "እንዴት ነበር፣ እማዬ?"

እማማ ቬራ ኮታቸውን ሳያወልቁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"ነገ ወንድሜ ይመጣል" አሉት። "ተነሥ፣ ቤቱን እናጽዳ።"