ያልተከፈተው ማሽንና የቡልቡላ ቅዳሜዎች

ባለፈው ሳምንት መስሪያ ቤታችን አዲስ የተቀጠረ አንድ ወጣት የፕሮግራም መጻፊያውን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ጠየቀኝ። ሊንኩን ላክሁለትና አጠገቡ ቁጭ ብዬ ላሳየው ከወንበሬ ተነሳሁ። ሳልደርስበት ጨርሷል። የሚያስፈልገው ሁሉ ብሮውዘሩ ላይ ተሰናድቶ ተከፍቶለታል። «አለቀ እኮ ጋሼ» አለኝና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መለሰ።

ጋሼ መባሉን ገና አልለመድኩትም። ወደ ቦታዬ ተመልሼ ስቀመጥ ግን እግሬን ድክም አለኝ። የዚያን ቀን ድካም አልነበረም። ድሮ በወጣትነቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየካ አባዶ ቦሌ ቡልቡላ ድረስ እየሄድኩ ያጠራቀምኩት ድካም ነው።

ያኔ ከተማው በሙሉ ይቆፈር ነበር። መገናኛ ላይ የባቡሩ ሐዲድ እየተሠራ ስለነበር ታክሲ ዛሬ የቆመበት ቦታ ነገ አይገኝም። ቦሌ ላይ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ያልተደገፈ ሕንፃ ማየት ብርቅ ሆኖ ነበር፤ ሸሚዛችን ማታ ሲራገፍ ሲሚንቶ ይወጣዋል። እኔ የምኖረው የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ከደረሳት እህቴ ጋር ነው። ቤቱ አዲስ ነው፣ ውሃው ግን እኛ ፎቅ ድረስ ለመውጣት አቅም አልነበረውም። ጠዋት ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ፣ ከዚያ ለታክሲ እሰለፋለሁ፣ ስራ ስገባ ቀኑን የጨረስኩት ያህል ደክሞኛል።

ስራዬ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ የግል ማሰልጠኛ ውስጥ ነበር። ምድር ቤቱ ኬክ ቤት ስለሆነ በጾም ቀን ሳይቀር የቅቤው ሽታ ደረጃውን እየወጣ መማሪያ ክፍል ይገባል። መጠሪያዬ ረዳት አሰልጣኝ ይሁን እንጂ የተበላሸ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ዋናው አሰልጣኝ ኢንጂነር ዳዊት ለፕሮግራሚንግ ኮርሱ አንድ ብልሃት ዘየደ። ተማሪው ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ እየጫነ ከሚሰቃይ፣ ሁሉም የተጫነበት ቨርቹዋል ማሽን አዘጋጀ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ፣ በኮምፒውተር ውስጥ የሚከፈት ሌላ ኮምፒውተር ነው። የተማሪው ኮምፒውተር ምንም ዓይነት ይሁን፣ ሲከፍተው የሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ፋይሉን በሀርድ ዲስክ ይዞ የሚዞረው ግን እኔ ነኝ። ላፕቶፕ ያላቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ቤታቸው የሚቀመጥ ኮምፒውተር ያላቸው ዘንድ ደግሞ ቅዳሜ እየሄድኩ እጭንላቸዋለሁ። የመጨረሻዋ ጫልቱ ነበረች።

ጫልቱ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። በአካውንቲንግ ተመርቃ ስራ ስታጣ ነው እኛ ጋ የተመዘገበችው። ክረምት ስለነበር ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ ትመጣና በር ላይ ትፈታዋለች። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሰፈሯ የሄድኩ ቀን ነው። የቡልቡላ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ሰው አይለቅም፤ ከታክሲ ወርጄ ቤታቸው እስክደርስ ጫማዬ የራሴ መሆኑ አጠራጠረኝ።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮው አዲስ። ከጓሮው ወዲያ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ቆመዋል፣ ግማሾቹ መስኮት የላቸውም። አውሮፕላን ሲነሳ ከጣራው በላይ ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ ወሬ ይቋረጣል፣ ሁሉም እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አባቷ ጋሽ ደቻሳ በር ላይ ተቀብለውኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፣ መሐል ላይ ኦሮምኛ ይገባበታል። እናትየው ጨጨብሳና እርጎ አቀረቡልኝ። ኮምፒውተሩ ዳንቴል ለብሶ፣ ከቤቱ ሁሉ የተሻለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ጋሽ ደቻሳ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ለግንባታ ተወስዶ ካሳ ሲከፈላቸው አንዱ ዘመድ፣ ከእንግዲህ የሚያበላው ኮምፒውተር ነው ብሎ መከራቸው። ስለዚህ ለልጃቸው ገዙላት። ይህን የነገሩኝ እራሳቸው ናቸው፣ እየበላሁ ሳለ፣ ስለሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ በረጋ ድምፅ። ከዚያ እኔ ምን ላደርግለት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። በውስጡ ሌላ ኮምፒውተር እንደማስገባ ነገርኳቸው።

«አንዱ በአንዱ ውስጥ ይኖራል?»

«አዎ ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡና፣ ቦታ ካለው መልካም ነው አሉ።

ቦታ አልነበረውም። ፋይሉን ቀድቼ ልከፍት ስል ስክሪኑ ላይ የመጣው መልእክት አጭር ነበር፦ ፕሮሰሰሩ ይህን ስራ አይችልም። ከፍቼ ሳየው ሚሞሪውም ጥቂት ነው። አዲስ ተብሎ የተሸጠላቸው ከየትኛው ቢሮ እንደተጣለ የማይታወቅ፣ ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃ ነው። ጫልቱ ከጀርባዬ ቆማ እንግሊዝኛውን አንብባለች። ልናገር አፌን ስከፍት ለአባቷ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለቻቸው፤ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልትሸኘኝ ስትወጣ ምን እንዳለቻቸው ጠየቅኋት።

«ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል አልኩት» አለችኝ። «መሬቱ ሄዶ የተገዛ ነው። አይሠራም ብለህ እንዳትነግረው፣ በእናትህ።»

ማሰልጠኛው ሌላ ኮምፒውተር ትግዛ፣ ካልሆነ በሚቀጥለው ዙር ትመለስ አለ። ኢንጂነር ዳዊት ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ያዘጋጀው ነገር ካልተከፈተ ሌላ መንገድ አይታየውም። ጫልቱ ሁለቱንም እምቢ አለች። ስለዚህ የቀረን፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ፕሮግራም ያ አሮጌ ኮምፒውተር በሚችለው ዓይነት ፈልጎ በእጅ መጫን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ በሚያንቀላፋ ኢንተርኔት አሮጌ አሮጌውን አወርዳለሁ፣ ቅዳሜ ይዤ ቡልቡላ እወርዳለሁ። ዳታቤዙ ሲጫን ሰርቨሩ ይኮርፋል። ሰርቨሩ ሲታረቅ የኮርሱ መልመጃ አልከፈትም ይላል። ሁሉም ተስማምተው ሊነሱ ሲሉ መብራት ይሄዳል።

መብራት ሲሄድ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራ ነገር የለም። ጋሽ ደቻሳ ያኔ ወንበራቸውን ያስጠጉና ስለ መሬታቸው ያወሩኛል። ያ ክሬን የቆመበት ጤፍ ነበር፣ ከወዲያ ያለው ብሎክ ሥር ሽምብራ ነበር። በድምፃቸው ቅሬታ አይሰማም፣ አንድ መንገድ የጠፋበት ሰው ጠይቋቸው የሚያመለክቱ ይመስላሉ። እውነቱን ለመናገር ሁልጊዜ አልሰማኋቸውም። አንድ ቀን እያወሩኝ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ጋቢያቸው እላዬ ላይ ነው፣ እሳቸው ብርድ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጫልቱም ድምፅ እንዳይሰማ ቁልፎቹን በቀስታ እየነካች ትሠራለች። መብራቱ ከመጣ ቆይቷል።

እህቴ ነገሩ አልጥማት አለ። ያገባኸው ልጅቷን ነው ወይስ ኮምፒውተሩን ትለኝ ጀመር። ሁለቱንም አልነበረም። አንድ ሐሙስ፣ በጣም በሰለቸኝ ቀን፣ ለጫልቱ ደውዬ በዚህ ቅዳሜ እንደማልመጣ ነገርኳት። ችግር የለም፣ እረፍ አለችኝ፤ በድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ግን መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ራሴን አገኘሁት። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም በደንብ ማስረዳት አልችልም። ምናልባት አልጋዬ ላይም ብውል ያው ድካሙ እንደማይለቀኝ አውቄ ይሆናል።

ክረምቱ ወጣ። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጠቀ፣ ካልተነካው የጎረቤት ቁራሽ መሬት የሽምብራ እሸት መጣልን። መልመጃዎቹ መከፈት ጀመሩ። ጫልቱ የራሷን ፕሮግራም ጻፈች፤ ስም ሲገባለት መልሶ ሰላምታ የሚሰጥ ትንሽ ገጽ። ለማንኛችንም ቀላል የሆነው ነገር ለእሷ ከባድ ነበር፣ ምክንያቱም ገጹ በአማርኛ ፊደል እንዲጽፍ ፈለገች። አባቷ በመሠረተ ትምህርት የተማሩት ፊደል ነው፣ ሌላ አያነቡም። ኮምፒውተሩ ግን ፊደሉን ሁሉ ባዶ ሳጥን እያደረገ ይመልስላታል። ያን ሳጥን ለማጥፋት የለፋነው ለሌላው ሁሉ ከለፋነው አይተናነስም።

ያለቀ ቀን አባቷን ጠርታ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻቸው። ጋሽ ደቻሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «እን ደ ምን አ ደ ሩ... ደ ቻ ሳ።» ደግመው አነበቡት። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው፣ በጣም በአክብሮት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው መለሱለት።

እኔ ልስቅ ነበር። ጫልቱ ግን ቀድማ ማልቀስ ጀመረች፣ እያለቀሰችም ነገረቻቸው። በአማርኛ ነው የነገረቻቸው፣ እኔም እንድሰማ መሰለኝ።

«አባ፣ ይሄ ዕቃ አታለው ነው የሸጡልህ። መጀመሪያ አይሠራም ነበር። አሁን የሚሠራው እኛ ስለጠገንነው ነው።»

አውሮፕላን አለፈ። ድምፁ ሲርቅ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ታውቅ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሱና እስከ ታክሲው ልሸኝህ አሉኝ።

በደረቀው አፈር ላይ ጎን ለጎን ሄድን። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ታክሲው አጠገብ ስንደርስ ቆም ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«መሬቱ ሲሄድ ቀኑ ሁሉ አንድ ሆነብኝ፣ ልጄ። ሰኞ የለም፣ ሐሙስ የለም። ለምን እንደምነሳ አላውቅም። አንተ መምጣት ስትጀምር ቅዳሜን አወቅሁ። ዓርብ ማታ፣ ነገ ቅዳሜ ነው እላለሁ። ኮምፒውተሩን ተወው።»

ወያላው ይጣራ ነበር፣ ገባሁ።

ጫልቱ ኮርሱን ከሌሎቹ ጋር ጨረሰች። ተዘጋጅቶ የተሰጣቸው ልጆች አንድ ነገር ሲበላሽባቸው እሷን መጠየቅ ጀመሩ፤ ሁሉንም በእጇ ስለጫነችው የቱ ከየት እንደሚገናኝ ታውቀው ነበር። ዛሬ ጥሩ ስራ ላይ ናት፣ በበዓል በበዓል እንደዋወላለን። ጋሽ ደቻሳ ካረፉ ቆይተዋል። ለቅሶ የደረስኩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ ሶስተኛ ፎቅ። የጭቃው ቤት የቱ ጋ እንደነበር ከመስኮቱ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ለእነዚያ ቅዳሜዎች ከስራዬ ማንም አላመሰገነኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ወጣትነቴን ሳስበው አብዛኛው ሰልፍና ደረጃ ነው፤ የደከምኩባቸው ነገሮች አብዛኞቹ የት እንደገቡ አላውቅም። አሁን ደግሞ የማይደክም ስራ አለኝ፣ የተመቸ ወንበር፣ ቤቴም ቅርብ ነው። ቀኖቹ ግን መመሳሰል ጀምረዋል። ጠዋት ነቅቼ ዛሬ ቀኑ ማን እንደሆነ ለማወቅ ስልኬን የማይበት ጊዜ አለ። ያኔ ጋሽ ደቻሳ ትዝ ይሉኛል። እኔ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ፣ ሀርድ ዲስኬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ይህ ነገር መቼ ባለቀ እያልኩ ስጓዝ፣ እሳቸው በር ላይ ቆመው መንገዱን ያዩ ነበር።