ሂንዳ ራሷን የዘለለችበት ዓርብ

ሂንዳ ፔርሎው በኮሌጃችን የአይሁድ ተማሪዎች ቤት አሥራ አራት ዓመት ምግብ አብስላለች። ያደገችው ሴቶች ከመጋረጃ ጀርባ በሚጸልዩበት ምኩራብ ነው። ልጇ ሴት እንደምትወድ የነገረቻት ቀን አንድም ቃል ሳትመልስ ሳህን አጠበች። ልጅቷም ዝምታውን እንደ መልስ ቆጥራ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ሂንዳ ኮሌጃችን ወዳለበት ወደ ኦሃዮ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

የእኛን የዓርብ ማዕድ የጀመረችው እሷ ናት። እኛ ማለት ወንድ የምንወድ ወንዶች፣ ሴት የሚወድዱ ሴቶች፣ በተወለዱበት ጾታ የማይኖሩም፤ ሁላችንም አይሁድ። የኮሌጁ የቀስተ ደመና ማኅበር፣ እንደ እኛ ላሉት የቆመው፣ የዳዊት ኮከብ ያለበትን ባለ ቀስተ ደመና ባንዲራችንን ይዘን እንዳንሰለፍ ከልክሎናል። የአይሁድ ቤቱ ቦርድ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንኑ ባንዲራ አጥፈን እንድናስቀምጥ በትሕትና ይጠይቀናል። ሂንዳ ወስዳ ኩሽናዋ ውስጥ ሰቀለችው። «እዚህ እንግዳ አይገባም፤ ሽንኩርቱን ይፈሩታል» አለች።

መጋቢት ላይ የማዕዳችን ጓደኛ የጊዲዮን አባት ክሊቭላንድ ውስጥ ሞቱ። ቀብሩ በማግስቱ ዓርብ በሰባት ሰዓት ሆነ። ታላቅ ወንድሙ ደውሎ እንዳይመጣ ነገረው። «አባባን በሰላም እንቅበረው። አንተ ከመጣህ ሰው የሚያየው አንተን ነው» አለው።

ጊዲዮን ይህን ለሂንዳ ሲነግራት አላለቀሰም። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቱ ጉድጓድ ሲወርዱ፣ በዚያው ሰዓት፣ የሐዘንተኛውን ጸሎት ቃዲሽን ማድረስ። ቃዲሽ ደግሞ አሥር ሰው ካልተሟላ አይባልም።

የዕረፍት ሳምንት ስለነበር ግማሹ ተማሪ አገሩ ገብቷል። ሂንዳ ከጠዋት ጀምሮ ስትደውል ዋለች። እንመጣለን ያሉ ሁለት ልጆች ሐዘንተኛው ማን እንደሆነ ሲሰሙ የሚያጠኑት ትዝ አላቸው። በሰባት ሰዓት ምግብ አዳራሹ ውስጥ ቆመን ጠበቅን። ሂንዳ ዱቄት የነካው ሽርጧን እንዳሰረች በሩ ላይ ነበረች።

በአይሁድ ልማድ ሰው በቁጥር አይቆጠርም፤ ክፉ ዓይን ይጠራል። አሥር ቃል ያለው የመዝሙር ስንኝ ይያዝና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቃል ይሰጠዋል። በእኛ ቤት ሴትም ትቆጠራለች፤ ሂንዳም አራቱን ሴቶች ሳታመነታ ጠቆመቻቸው። የመጨረሻው ቃል ግን ባለቤት አጣ። ደግማ ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁንም ያው።

«አንድ ጎደለን፣ ልጄ» አለችው።

እስከ ሰባት ተኩል ቆየን። ማንም አልመጣም። ጊዲዮን የጸሎት መጽሐፉን ዘጋው፣ ሳመው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይሄኔ አፈር ለብሷል» አለና ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ።

ሰኞ ትምህርቱን አቋረጠ። ወዴት እንደሄደ ለማናችንም አልነገረም።

በሳምንቱ ዓርብ ታልያ የምትባለው ጓደኛችን የሰንበቱን ዳቦ ከሂንዳ ጋር ስታቦካ ነበር። እኔ ድንች እልጣለሁ። ታልያ ከሊጡ ቀና ሳትል ተናገረች።

«እትዬ ሂንዳ፣ አሥረኛዋ እኮ አንቺ ነበርሽ።»

ሂንዳ እጇ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ስንኙን ለራሷ እየደገመች ነበር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን ወደ ደረቷ አዞረች።

«ታውቁ ነበር?» አለች።

«ባደግሽበት ሥርዓት ሴት አትቆጠርም። እንዳናስቀይምሽ ብለን ነው።»

«ዘጠኛችሁም?»

ታልያ ሊጡን ማሸት ቀጠለች። እኔም ያን ቀን ቆጥሬ ነበር፤ ሁለት ጊዜ። እሷን ያከበርኩ መስሎኝ አፌን ዘጋሁ። አሁን ሳስበው የፈራሁት የእሷን መቀየም ሳይሆን የራሴን ድምፅ ነበር።

ሂንዳ እጇን ተለቃልቃ ለጊዲዮን ደወለች። ደግማ ደወለች፤ አያነሣም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ስልክ የማይነካበት ሰንበት ሲደርስ፣ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ንጹሕ ሳህን አወረደችና ማጠብ ጀመረች።