ከሽንኩርት ጀምር

ባለፈው ሳምንት ልጄ እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ሰጠችኝ። «ዳዲ፣ ፕሬሸርህ ከፍ ብሏል ተብለህ የለ? ጠዋት ጠዋት ዎክ አድርግ» አለችኝ። እኔም ሰዓቱን አስሬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ የሰፈራችንን ዳገት እንደ ተባረረ ሰው ተያያዝኩት። ግማሽ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ቆም አልኩ፤ አባቴ ትዝ አለኝ።

በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አባቴና እናቴ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራቸው። እሷ ታበስላለች፣ እሱ ይቀምሳል፤ እሱ ያልቀመሰው ወጥ ለደንበኛ አይቀርብም። አፉን የሚከፍተውም ክትፎው ቅቤ አንሶታል ለማለት ነው። ከዚያ ውጪ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ባይ ነበር፤ እናቴም ከሽንኩርትና ከበርበሬ ያለፈ ወሬ ከእሱ መጠበቅ ከተወች ቆይታለች።

አንድ ቀን የሽንኩርት ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ደረቱን ይዞ እዚያው ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ያኔ የሃያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ እሱ ከገበያ ስዋሂሊ በቀር ሌላ ቋንቋ ስለማያውቅ እኔ አስተረጎምኩ። ሐኪሟ ልቡ መድከሙን ነገረችን። ቅቤና ጮማ ይቅር፣ ጨው ይቀነስ፣ ጎመንና ባቄላ ይብዛ አለች። በየቀኑም ፈጠን ብሎ ይራመድ፣ ግን እያወራ መሄድ በሚችልበት ልክ ይሁን አለች። ልብ ይሰጣል፣ ልብ ይሰበራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ልብ በእግር ይታከማል ሲባል ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አባቴ የቅቤውን ነገር በዝምታ ተቀበለው። ያስደነገጠው የመጨረሻው ነው።

«ምን ላወራ ነው?» አለኝ።

«አባዬ፣ ማውራቱ ግዴታ አይደለም። ትንፋሽ እንዳያጥርህ መለኪያ ነው።»

«መድኃኒት ተሸርፎ አይወሰድም» ብሎ ዘጋኝ።

ሐምሌ ነበር፤ የናይሮቢ ብርድ አጥንት ይገባል። እናቴ ነጠላዋን ከሹራቧ በላይ ደርባ አብራው ወጣች። «ከኋላ ከኋላ ተከተለን፤ ከወደቀ ብቻዬን አልችለውም» አለችኝ። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላው፣ እኔ መጨረሻ ሆነን ጭቃውን እየዘለልን ወደ ፓንጋኒ ሰፈር አቀናን። የሚያውቁን ሁሉ መኪና እያቆሙ «ጋሽ ወርቁ፣ ምነው በእግርዎ? ይግቡ እንጂ» ይሉታል። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ረዳቶች ሳይቀሩ በር ከፍተው ይጠሩታል። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እያወራን ነው» ይላቸዋል።

አያወሩም ነበር።

«ሽንኩርት ተወደደ» አለ በመጨረሻ።

«እሱንማ ማታ ነግረኸኛል» አለችው እናቴ፤ ሁለቱም ሳቁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ለመዱት። ምሳ ላይ ቅቤ ያልነካው ምስርና ሱኩማ የሚሉት ጎመን ሲቀርብለት «ሣር ልታበይኝ ነው» እያለ ይበላል፤ እሷም ቅቤውን ትታ ከአንድ ትሪ አብራው ትበላለች። አንድ ጠዋት ፓንጋኒ ስንደርስ አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሊወድቅ ነው ብዬ ሮጥኩ።

«አስካለ፣ ፈርቼ ነበር» አላት።

«ምኑን?»

«ያን ቀን ጆንያው ላይ ስቀመጥ፣ ምንም ሳልልሽ ልሄድ ነው ብዬ።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «እና አሁን በለኛ» አለችው። እኔ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ። ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ስንመለስ ግን ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ያቆየው ጎመኑ ይሁን እርምጃው ወይስ ወሬው፣ ሐኪሞች ይወቁት። ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በጣም ይናፍቀኛል።

ዳገቱ ላይ ማዳመጫውን አወለቅኩና ወደ እናቴ ቤት ዞርኩ። «ነይ እንራመድ» ስላት ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ጥቂት እንደሄድን ዞር ብላ አየችኝ።

«ዝም አልክ እኮ።»

«ምን ላውራ እማዬ?»

«ከሽንኩርት ጀምር» አለችኝ።