ባዶ ገንዳ የሚፈራው አራጅ

ባለቤቴ የቄራ አራጅ ነው። ባልደረቦቹ «ጎራዴ» ይሉታል፤ ጎረቤቱም እውነተኛ ስሙን ትቶ በዚሁ ይጠራዋል። ቄራ የገባው ጢም ሳያበቅል ነው። አንድ ጊዜ ወይፈን በቀንዱ ጎኑን ወግቶ የጎን አጥንቱን ሰበረው፤ እሱም ደሙ እየፈሰሰ ወይፈኑን ጥሎ አረደው። ይህን የሚያወራው እየሳቀ ነበር። አሁን አያወራውም።

ልጃችንን የጭነት መኪና ገደለው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። ከእሱ እጅ በሕይወት የቀረን ጌኮ የሚሉት እንሽላሊት ብቻ ነው፤ ከጣቴ የማይረዝም፣ ቢጫና ጥቁር ቀለበት ያለው ጨቅላ። ሲያድግ ቀለበቱ ተበታትኖ እንደ ነብር ነጠብጣብ ይሆናል ብሎኝ ነበር ልጄ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተወው።

ቄራ ውስጥ ደንብ አለ። ነገ የሚታረድ በሬ ዛሬ መኖ አይሰጠውም፤ ውሃ ብቻ። ስለዚህ ባለቤቴ ባዶ ገንዳ ሲያይ ቢላዋ ይታየዋል። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ሳጥኑን ተመለከተ።

«ይሄ ምን በላ?»

«ጠዋት ፌንጣ ሰጥቼዋለሁ፤ ጠግቧል።»

«ታዲያ ለምን ባዶ ሆነ? አንቺ ሴትዮ፣ ልታርጂው ነው እንዴ?»

ወጥቶ ልጃችን ፌንጣ ይገዛበት ከነበረው የእንስሳት መሸጫ አንድ ካርቶን ሙሉ ትልልቅ ፌንጣ ይዞ መጣና ገለበጠበት።

«ኧረ በዛ፣ ተው» አልኩት።

«ጥጋብ የገደለው አላውቅም።»

ጌኮው የጭራውን ጫፍ አንቀጠቀጠ፣ ዘሎ አንዱን አንገቱ ላይ ያዘ፣ ቆረጠመው።

«እሰይ የኔ ጀግና! አያያዙን አየሽው? እኛ ዘንድ ቢቀጠር ያሳፍረናል» አለ ባለቤቴ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር።

ጌኮው ጠግቦ ተኛ። ፌንጣዎቹ ግን አልተኙም፣ የሚበሉትም አልነበራቸውም። ጠዋት ስናይ የጌኮውን የእግር ጣቶች ቆርጥመዋቸዋል፤ የዓይኑ ቆብ ይደማል። እንሽላሊት ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ጭራውን ጥሎ ጥግ ተሸጉጧል፤ የወደቀው ጭራ ላይ ፌንጣዎቹ ሰፍረው ይጋጡታል።

ባለቤቴ እጁን ከተተ። አንድ በአንድ በጡጫው ጨፈለቃቸው፤ የዘለሉትን ወለሉ ላይ በተረከዙ ደፈጠጠ። የሳጥኑ አንድ ጎን ተሰበረ፤ መዳፉ ተተለተለ። «የልጄን! የልጄን!» ይል ነበር። ቀብር ላይ ድምፁ ያልወጣ ሰው ያን ጠዋት ጮኸ።

ከዚያ ጌኮውን በጫማ ካርቶን አድርጎ ወደ መሸጫው ገሰገሰ። በነጠላ ጫማዬ ተከተልኩት። ስደርስ ሻጩን በቡጢ ብሎት የሰውየው አፍንጫ ይደማል።

«ሰው በላ ሸጥክልኝ!»

«ስንት ጨመሩለት፣ ጋሼ?» አለ ሻጩ አፍንጫውን እንደያዘ።

«ካርቶኑን!»

«ካርቶኑን? በሬ መሰለዎት እንዴ? የብዙ ቀን ቀለቡን ደፍተውበት እኔን ይደበድባሉ!» ስልኩን አነሳ፤ ፖሊስ ሊጠራ ነው። እኔ የልጄን ስም ጠራሁ። ሻጩ ስልኩን አስቀመጠ። «የዚያ ጎበዝ ልጅ ወላጆች ናችሁ?» አለና አፍንጫው ውስጥ ጨርቅ ወትፎ ጌኮውን አገላብጦ አየው።

«ስንቁን የሚያከማቸው ጭራው ውስጥ ነበር። አሁን ስንቅ የለውም፤ ካልበላ ይሞትባችኋል። ለጨቅላ ምግቡ በየቀኑ ነው፤ ሲያድግ ቀን እያለፈ። ፌንጣው በጌኮው ሁለት ዓይኖች መሃል ካለው ስፋት አይብለጥ። የካልሲየም ዱቄት ነካ አድርጉበት። ሩብ ሰዓት ያህል ይብላ፤ የተረፈውን ልቅም አድርጋችሁ አውጡ። ሳጥኑ ባዶ ይሁን።»

«ባዶ?» አለ ባለቤቴ።

«ባዶ።»

የተሰበረውን የሳጥኑን ጎን ደፍነን፣ ውስጡ በነበረው አሸዋ ፈንታ ወረቀት አነጠፍንለት። ለቀናት አፉን አልከፈተም፤ ቆዳው ጎኑ ላይ ተጣበቀ። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ፣ የበሬ ደም ከክንዱ ሳይለቅ፣ ትንሽ ፌንጣ ይዞ የኋላ እግሮቿን ይነቅላል፤ እንዳትፈናጠር። ጌኮው ፊት ያስቀምጣታል። «ብላ እንጂ፣ አባቴ» ይለዋል። ልጃችንን ሲያበላም እንዲሁ ነበር የሚለው።

አንድ ቀን ጌኮው አንገቱን ሰበቀና ነከሳት። ስትቆረጠም ሰማን። ሌላ ጨመረለት፣ ያንንም በላ። ሦስተኛዋን ዞር ብሎም አላያት።

ባለቤቴ ሦስተኛዋን አወጣትና ጨፈለቃት። ባዶውን ሳጥን እያየ ቆመ፤ እጁ ወደ ፌንጣው ዕቃ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ነገ የሚታረድ ነው የሚመስለው» አለኝ።

«አይታረድም። ና ታጠብ።»

ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ነው ወደ ሳጥኑ የሚሄደው። ዛሬም ሄደ። «አድሯል» አለኝ፤ ከዚያ ትንሽ ፌንጣ መፈለግ ጀመረ።